ለእንግሊዝኛ ጽሑፌ አራሚ፣ ለጋሼ

ባለፈው ሳምንት የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ውጤቴ መጣ፤ ራይቲንግ (የጽሑፍ ክፍሉ) 6.5! ሁለት ጊዜ 5.5 ላይ ተቸንክሬ ቀርቼ ነበር፤ ያመለከትኩበት ስኮላርሺፕ ደግሞ ከ6.5 በታች አይቀበልም። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ላድርሰው።

መጀመሪያ የተመዘገብኩበት ማሠልጠኛ (ስሙ ይቅር) የምሰጠውን ሁሉ ራይት አድርጎ ከታች «ጉድ» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። ለካ በአማርኛ ኖሯል የጻፈው!

ጋሼን ያገኘኋቸው በጎረቤቴ በኩል ነው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ ቤታቸው ሳሎን ቁጭ ብለው ያርማሉ። ማረም ስል አስተካክለው አይሰጡም። በእርሳስ ያሰምሩና «ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?» ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን፣ በ«ኦልዞው» (ምንም እንኳ) ጀምሬ መሃሉ ላይ «በት» (ግን) የሰነቀርኩበትን ዓረፍተ ነገር አከበቡና በአማርኛ በይው አሉኝ። «ምንም እንኳ ትምህርት ቤቶች ቢበዙም ጥራቱ ግን ዝቅ ያለ ነው» አልኩ። «አየሽ፣ አማርኛ "ምንም እንኳ" ካለ በኋላ "ግን" ቢጨምር ቅር አይለውም። እንግሊዝኛ አንዱ ይበቃዋል። በይ አንዱን አውጪ።» ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስጽፈው የኖርኩት ስህተት ነው እንግዲህ!

ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ሙሉ አንቀጼ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ተገኘ። «ኤንድ»ን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ፤ ሰባት። እኛ «ተነስቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወጣሁ» ስንል ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጆሮ ይጠብቀዋል። ያንኑ በ«ኤንድ» ስንቀጣጥለው ግን ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ይጠፋል። አራት ቦታ ቆረጥኩት፤ ሁለቱን ጭራሽ አያስፈልጉም ብለው አስወጡኝ። «ዲስከስ አባውት» (ያለ «አባውት» የሚበቃው) እና «ኢንፎርሜሽንስ» (ብዙ ቁጥር የሌለው) የሚባሉትን ስህተቶችማ ተዉት፣ በየገጹ ነበሩ።

«ኢን ዚስ ሞደርን ኢራ» (በዚህ ዘመናዊ ዘመን) የምትለዋን የሸመደድኳትን መግቢያ ሲያዩ ሳቁ። «ይሄ ያንቺ ነው ወይስ የተዋስሽው?» አሉኝ። ሰዋስው ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ብቻ መሆኑን፣ ከራይቲንጉ ሁለት ጥያቄዎች ሁለተኛው (ታስክ ቱ) የመጀመሪያውን (የታስክ ዋንን) ነጥብ እጥፍ እንደሚይዝ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። እኔ ታስክ ዋን ላይ ብዙ ደቂቃ ስለማቅማማ ለታስክ ቱ 250 ቃል እንኳ ሳልሞላ ጊዜ ያልቅብኝ ነበር።

እንከን የላቸውም አልልም። የእጅ ጽሑፋቸው የሐኪም ነው። ሦስት አራት ቀን ሳያስቆዩ አይመልሱም፤ ለነገ የሚያስረክብ ሰው ባይደክም ይሻላል። እኔ እያለሁ አንዱ ማመልከቻ ይጻፉልኝ ብሎ መጥቶ ሻይ አጠጥተው ሸኙት።

ጋሼ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ! ስልካቸውን እንዳልለጥፍ አስጠንቅቀውኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ በሰፊ መስመር ፕሪንት አድርጉት፣ ለእርሳሳቸው ቦታ ይፈልጋሉ።