1,800 ብር ያወጣሁባት የመኪና ኮድ አንባቢ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ሻጩ «ይቺን ከያዝክ የሜካኒክ ደጅ አትጠናም» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ይኸው ስምንት ወር ሞላኝ፤ ጠንቻለሁ።

ዕቃዋ የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ከመሪው ስር ያለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ታነባለች። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። አይፎን ያላችሁ ግን ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ስልክ ሞክሯት፤ ብዙዎቹ ርካሾች ከአይፎን ጋር አይግባቡም። ይህን የምጽፈው ግን በሰኔው ጉዳይ ነው።

ከደብረ ብርሃን ድንች ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፣ ሸኖ ልደርስ ስል ፒካፗ ዳገት ላይ ጉልበት ከዳት። ነዳጅ ስረግጥ ታስላለች እንጂ አትሄድም። ወዲያው ክሩስኮቱ ላይ ብርቱካናማዋ የሞተር መብራት በራች። ዳር ይዤ ቆምኩ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለት ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ ብቻ ሲሰራ፣ ወንበሩ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። አንባቢዋን ሰካሁ፦ ፒ 0087። የነዳጁ ግፊት ከሚፈለገው በታች ነው ማለት ነው። ኮዱን አጠፋሁት፣ መብራቱም ጠፋ፤ የተሳካልኝ መስሎኝ ሸኖ ገብቼ ቅቤ ሁሉ ገዛሁ። 20 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ተመልሶ በራ። እንደገና አጠፋሁት። ሦስት ጊዜ! ለካ ኮዱ ሲጠፋ፣ ብልሽቱ በተፈጠረባት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የያዘው የሞተር ዙር፣ ፍጥነትና ሙቀትም አብሮ ይጠፋል። ማስረጃዬን በገዛ እጄ እየደመሰስኩ ነው አዲስ አበባ የገባሁት።

ጋራዥ ደርሼ ስልኩን ሳሳየው፣ ሜካኒኩ ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም። «የነዳጅ ፖምፓው ሞቷል፤ 90 ሺህ አዘጋጅ» አለኝ። ያን ሰዓት ሻጩን በሐሳቤ ኮሌታውን ይዤዋለሁ። «ሁሉንም ትነግርሃለች» አላልከኝም? የነገረችኝ ግፊት መውረዱን ነው። ለምን እንደወረደ መች ነገረችኝ? ፖምፓ ሊሆን ይችላል፤ ነዳጁን ሞተር ውስጥ የሚረጨው ኢንጀክተር እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ የተዘጋ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) ሊሆን ይችላል፤ ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ራሱ ሊሳሳት ይችላል። እና እኔ ለአንድ ኮድ ብዬ ድንቹን ሁሉ ሸጬ የማይሞላ ብር ላውጣ?

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አፑን ስነካካ፣ ማንም ያላሳየኝን ገጽ አገኘሁ። ሞተሩ እየሰራ እያለ የነዳጁን ግፊት በቁጥር ያሳያል። ጠዋት ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስልኩን ሰጠሁትና ወደ አንድ ዳገት ወጣን። ሚኒሞ ላይ 31 ሺህ ኪሎ ፓስካል፣ ትንሽ ይዋልላል። ረገጥኩ። «35... 38... አባዬ፣ ወረደ! 21!» ስትረግጥ ሽቅብ መሄድ የነበረበት ቁጥር ቁልቁል ሄደ። ጭነት ሲበዛባት የምትጠጣው እያጣች ነው ማለት ነው። የደከመ ፖምፓም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን ርካሹን ቀድሞ ማየት ምን ይጎዳል?

የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጬ ከፊልትሮው ስር ደቀንኩና የማፍሰሻ ብሎኑን ላላ አደረግኩት። የወረደው ነገር መጀመሪያ ደፍርሶ ምኑም አይለይም ነበር። መሬት ላይ አስቀምጬው ቡና ጠጥቼ ስመለስ ለሁለት ተከፍሏል። ከላይ ቢጫ ናፍጣ፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ፣ ከውሃው ስር ደግሞ የጠላ አተላ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ። ወረፋ ሰልችቶኝ መንገድ ዳር በጀሪካን የገዛሁት ናፍጣ! ለዚህ ሻጩንም ሜካኒኩንም መክሰስ አልችልም።

አዲስ ፊልትሮ አስገባሁ፣ ነዳጅ ወደ ፊልትሮው የሚስበውን የእጅ ፖምፓ ጠንከር እስኪል ገፋሁት፣ አስነሳሁ። መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ጠፋ። ያው ዳገት፣ ያው ልጅ፦ «90... 100... 110 ሺህ!» እየጮኸ ስልኩን ሊጥልብኝ ነበር።

ስለዚህ ሻጩ ሆይ፣ ዕቃህ ጥሩ ናት፤ አንተ ግን የምትሸጠውን አታውቅም። ኮድ ታጠፋለች እያልክ ትሸጣታለህ፤ ትልቁ ጥቅሟ እሱ አይደለም። ቁጥሩን ነው ማሳየት የነበረብህ። ሌላም ያልነገርከኝ አለ። ሶኬቱ ላይ ትቻት ክፍለ ሀገር ሄጄ፣ በአሥር ቀኔ ስመለስ ባትሪዬን ጭልጥ አድርጋ ጠጥታዋለች። አሁን ሞተር ሳጠፋ እነቅላታለሁ።

በ90 ሺህው ንዴት ሳስበው በእጥፍ ዋጋም እገዛት ነበር። ባትሪው የሞተ ቀን ብትጠይቁኝ ግን ሌላ እላችሁ ነበር። የእህቴ ባል «ለአይሱዙዬ አንድ ቀን አውሰኝ» እያለ ይነዘንዘኛል። የሱ መኪና ባለ 24 ቮልት ነው፤ የኔዋ ለ12 ቮልት የተሰራች ናት፤ ሊያቃጥላት ነው። እምቢ አልኩት። አኩርፏል።