የቮልስ ፑንቲና ኪት፦ ሦስቱን ይግጠሙ፣ አራተኛውን ይፈትሹ

አዳማ ላይ ቮልስ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚሰማው ምክር "ኪቱን ቀይርለት" ነው። ኪት የሚባለው በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ የሚሸጠው ፑንቲና (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው መገናኛ)፣ ኮንደንሰር፣ ሮተርና (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ተሽከርካሪ) የዲስትሪቢዩተር ክዳን ነው። እዚህ የምንገመግመው ስም ሳይታተምበት የሚሸጠውን ርካሹን ዓይነት ነው። ለዋጋው ሲታይ ሦስቱ ዕቃ ደህና ነው። ኮንደንሰሩ ግን ሳይለካ መገጠም የለበትም። ትናንት እያነከሰም ቢሆን ሲነሳ የነበረው ሞተር፣ ኪቱ ከተቀየረለት በኋላ ጭራሽ ቀጥ ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

ከፑንቲናው እንጀምር። የመገናኛ ነጥቦቹ ፊት ለፊት በትክክል ይገጥማሉ፣ ስፕሪንጉም ጠንካራ ነው። ችግሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት እንዳይነካው የተቀባው ስስ ዘይት ነው። ዘይቱ ሳይጠረግ ከተገጠመ ነጥቦቹ ቢዘጉም ኤሌክትሪክ አያሳልፉም፣ መኪናው "በአዲስ ዕቃ" አይነሳም። ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በነጥቦቹ መሃል ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ጥቁር መስመር ይዞ መውጣት እስኪያቆም ድረስ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የጀኔሬተሩን ፑሊ በ21 ቁልፍ ወደ ቀኝ እያዞሩ የፑንቲናው እግር የካሙ (የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጉብታ) ጫፍ ላይ ሲወጣ ይለካል። ካሙ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ግራሶ መቀባት አይዘንጋ። ደረቅ ከተተወ የፋይበሩ እግር ቶሎ ይበላል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱም እየዘገየ ይመጣል። ስለዚህ ክፍተት የነካ ሰው ታይሚንግ (እሳቱ የሚወጣበትን ጊዜ) ሳያይ ኮፈኑን መዝጋት የለበትም። (ማሰሪያዋ ቡሎን ትንሽ ናት። ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ከወደቀች ሳትወጣ ሞተሩን ማዞር አይገባም። ካቻቢቴው ጫፍ ላይ ግራሶ ነካ ማድረግ ይይዛታል።)

አሁን ወደ ኮንደንሰሩ። ፑንቲናው ሲከፈት በቦቢናው (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላ የሚያሳድገው ጥቅል) ውስጥ ይሄድ የነበረው ኤሌክትሪክ ክፍተቱን ዘሎ ማለፍ ይፈልጋል። ኮንደንሰሩ ያንን ይቀበልና የቦቢናው መግነጢስ በቅጽበት እንዲፈርስ ያደርጋል፤ ካንዴላ ላይ የሚወጣው እሳት ከዚያ ነው። ኮንደንሰሩ ከሞተ እሳቱ ፑንቲናው ላይ ይቀራል። ጤነኛው በቴስተር ሲለካ ከ0.20 እስከ 0.25 ማይክሮፋራድ አካባቢ ያሳያል። በርካሽ ኪት ውስጥ ሲለካ ሽቦውን ወዝወዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ሽቦው ከውስጥ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው። መጠኑ የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ከፑንቲናው አንዱ ነጥብ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ይወጣል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሲቀዘቅዝ ጤነኛ፣ ሲሞቅ በሽተኛ የሚሆነው ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። የአዳማ የቀትር ሙቀት ላይ የሞተሩ ሲጨመር፣ ሶደሬ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ቆሞ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ቦቢና ሲሞቅም፣ ቤንዚን መስመር ውስጥ ሲተንም ምልክቱ ይኸው ስለሆነ፣ መለየት የሚቻለው እዚያው፣ ሳይቀዘቅዝ እሳቱን በማየት ነው።

እሳቱን ለማየት የክሩስኮት ትንሽ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ መበየድ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ባትሪው፤ ቆሞ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ሞተሪኖው ሲያዞር መብራቱ ጭራሽ የሚሞት ከሆነ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ከካምቢዮው ወደ አካሉ የሚሄደው የተጠለፈ የማሳ (የኔጋቲቭ) ገመድ ዝጓል። ይህ ደህና ከሆነ ቁልፉን ከፍቶ አምፖሉን ቦቢናው ላይ ባለው 15 ቁጥርና በማሳ መሃል ማድረግ ነው። ካልበራ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ቦቢናው ባለው መስመር ላይ ነው፣ ዲስትሪቢዩተሩን መክፈት አያስፈልግም። ከበራ ወደ 1 ቁጥር አዛውሮ ሰው ሞተሪኖውን እንዲያዞር ማድረግ። ብልጭ ድርግም ካለ ፑንቲናው ይሠራል። ሳያቋርጥ ከበራ ፑንቲናው እየዘጋ አይደለም፤ ዘይቱን ወይም ክፍተቱን ያስታውሱ። ጭራሽ ካልበራ ከዲስትሪቢዩተሩ የሚመጣውን ሽቦ ከ1 ቁጥር መንቀል። ያኔም ካልበራ ቦቢናው ከውስጥ ተበጥሷል። ከበራ ግን ማሳ የሚያደርገው ነገር ዲስትሪቢዩተሩ ጋ ነው፦ የማይከፈት ፑንቲና፣ የተላጠ ሽቦ፣ ወይም ኮንደንሰር። ኮንደንሰሩ ዲስትሪቢዩተሩ ውጭ ስለሚታሰር መለየቱ ቀላል ነው። ሽቦውን መልሶ፣ የኮንደንሰሩን ማሰሪያ ቡሎን ፈትቶ ገላውን ከብረት ማራቅና ሞተሪኖውን እንደገና ማዞር። አምፖሉ አሁን ብልጭ ድርግም ካለ ሌባው ተያዘ።

አምፖሉ ደህና ሆኖ ሳለ እሳት ከሌለ፣ የክዳኑን የመሃል ገመድ ነቅሎ፣ እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ከሞተሩ ብረት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አርቆ መያዝና ማዞር ነው። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አጠገብ ይህን አይሞክሩ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ ጠሽ ካለ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ ነፃ ናቸው። ቢጫና ስስ ሆኖ ፑንቲናው ላይ ግን ደማቅ እሳት ከታየ፣ አሁንም ኮንደንሰሩ ነው።

ከመሃል ገመዱ ጥሩ እሳት ወጥቶ ካንዴላ ጋ ካልደረሰ ሮተሩ ወይም ክዳኑ ነው። የቦሽ ዓይነት ሮተር ውስጥ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ሬዚስተር አለ፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። የኪቱ ሮተር ልክ ነው፣ ዘንጉ ላይም ሳይወላወል ይቀመጣል። ክዳኑ ውስጥ ግን ነጥቦቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ናስ የሆነው ክዳን ዕድሜ ይሰጣል። የመሃሏ ካርቦን በስፕሪንጓ ገባ ወጣ ማለቷን በጣት መንካት ይበቃል። በአዳማ አቧራ ክዳኑ ስንጥቅ ሳይኖረው እንኳ ውስጡ ይቆሽሻል፣ ዘይት ካገኘ ደግሞ እሳቱ በአቧራው ላይ ይሄዳል፤ በደረቅ ጨርቅ ማበስ ነው።

ካንዴላ ኪቱ ውስጥ የለም። ጥርሱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሚረዝም፣ እንደ ኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ ያለ፣ ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር። ረጅም ጥርስ ያለው ሌላ ካንዴላ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ገመዶቹን ሲመልሱ ተራው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው፣ ሮተሩም በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። አንድ ቁጥር በቀኝ በኩል፣ ወደ መኪናው ፊት ያለው ሲሊንደር ነው። እሳትም ቤንዚንም እያለ በካርቡራቶር ወይም በማርሚታ የሚተኩስ ሞተር ካለ ከሁሉ በፊት ይህን ተራ ማየት ይሻላል።

ቦቢና አብረው የሚቀይሩ ሰዎች ኦሙን ይለኩ። ያለ ሬዚስተር የሚሠራው የቮልስ ቦቢና በ15 እና በ1 መሃል 3 ኦም ገደማ ነው። 1.5 ኦም የሆነው ለሌላ መኪና የተሠራ ነው፤ ቀጥታ ከተገጠመ ፑንቲናውን ያቃጥላል፣ እሱም ይጋላል።

ፑንቲናን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ደህና አማራጭ ነው፣ ክፍተት ማስተካከል የለም። ግን ፕላስና ማይነሱ ከተገለበጠ ወዲያው ይሞታል፣ ሞተር ቆሞ ቁልፍ ተከፍቶ ሲረሳም ሊቃጠል ይችላል። መንገድ ላይ ሲሞት በወረቀት አይጠረግም። የገጠመ ሰው የድሮውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ፊት ካለው ኮፈን ሥር ያስቀምጥ።

ሱቅ ሲሄዱ የድሮውን ፑንቲና መያዝ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ገላ ላይ የተቀረጸውንም ቁጥር መጻፍ ያስፈልጋል። ቫኪዩም ያለውና የሌለው ዲስትሪቢዩተር ፑንቲናቸው ላይገጥም ይችላል፣ ለመመለስ ደግሞ ካርቶኑ መከፈቱ ብቻ ጭቅጭቅ ነው። የሚፈለገው ዓይነት አዳማ ከጠፋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ማስፈለግ ነው። ቴስተር ይዞ ገብቶ ኮንደንሰሩን ባንኮኒው ላይ መለካት ነውር የለውም። እየሠራ የነበረው የድሮ ኮንደንሰር ደግሞ አይጣል፤ ኪቱን የገዙት ለፑንቲናው ከሆነ፣ እሱኑ መልሰው ይግጠሙት።