ሞባይል ጠጋኙ ዞማ ሙዚየም ሄደ

ሥራዬ ሞባይል መጠገን ነው። የሞተ ቦርድ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቁኝ፤ ስለ ሥዕል ግን ብዙም አትጠብቁብኝ። እንዲያም ሆኖ ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም ዋልኩ።

ነገሩ የጀመረው አንድ ደንበኛ ስልኩ ላይ ባሳየኝ ፎቶ ነው። ከሱሉልታ በላይ ጋራው ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚታይ ማሳ መሰለኝ። አረንጓዴ መሬት፣ ቢጫ መሬት፣ በመሃል የሚጠማዘዝ ወንዝ። «እስቲ አስፋው» አለኝ። ሳሰፋው ወንዙ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሆኖ ቁጭ! እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ እንጨት ላይ ተመትቷል። አረንጓዴው ማሳ ደግሞ ማዘርቦርድ ነው። እኔ ጠረጴዛ ሥር በካርቶን የማጠራቅመው ዓይነት።

ሠሪው ኤልያስ ስሜ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወለደ፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ግራፊክስ ተማረ። ከሽቦው በፊት መርፌና ክር ነበር የእሱ ቀለም። ሸራ ላይ ይሰፋል፣ የልብስ ቁልፍ ይጨምርበታል፣ ቆርኪ ይጨምርበታል። የሽቦና የቦርድ ሥራዎቹን «ታይትሮፕ» ይላቸዋል፤ በተወጠረ ገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው ሚዛን መጠበቅ ማለት ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ፣ ቬኒስ ቢያናሌ ላይም ሥራው ታይቷል። ዕቃውን የሚሰበስበው ከመርካቶ ነው። እኔም እዚያው መርካቶ፣ ሚናለሽ ተራ እሄዳለሁ፤ የምፈልገው ግን ገና ያልሞተ አይሲ፣ ማለትም የቦርድ ቺፕ ብቻ ነው። እሱ የሚፈልገው ቀለሙን ነው። እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልመስክር፦ ሽቦ እምቢተኛ ነው። አንዴ ከታጠፈ ጠባሳው አይለቅም። ያን ሁሉ ሜትር እኩል አጥብቆ መጎንጎን ቀልድ አይደለም።

እና ዞማ ስገባ ዓይኔ የሚፈልገው ሽቦ ነበር። ያገኘሁት ጭቃ ነው።

ሙዚየሙን ኤልያስ የሠራው ከአንትሮፖሎጂስቷና ኩሬተሯ (የሥነ ጥበብ ዐውደ ርዕይ አዘጋጇ) መስከረም አሰግድ ጋር ነው፤ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም.። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው። ጭቃ ሲቦካ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጭዱ እስኪበሰብስ ይጠበቃል፣ ሽታውም አይረሳም። የአያቴ ቤት እንዲሁ ነበር፤ ልዩነቱ የአያቴ ግድግዳ ቀጥ ብሎ መቆሙም ተመስገን የሚያሰኝ ነበር። እዚህ ግድግዳው ላይ ክብ በክብ ውስጥ፣ ሞገድ በሞገድ ላይ ተቀርጿል። ጠጋ ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት። ያው የሽቦው እጅ ነው! ጉንጉኑ ያው፣ ትዕግሥቱ ያው። የእግር መንገዱ ድንጋይ እንኳ ዝም ብሎ አልተደረደረም። ሰውዬው መሬት ይሥላል ስል ቆይቼ ለካ መሬቱን ራሱን ነው የሚሠራው።

ልጄ ከሥዕሉ ይልቅ ግቢው ውስጥ ያሉትን ላሞች ወደደች። አልፈረድኩባትም።

በወርቅ ፍሬም የተሰቀለ ፏፏቴና ጎጆ ለምትፈልጉ ቦታው ላይመቻችሁ ይችላል። መፍጠንም አይሆንም፤ እኔ አንዱ ግድግዳ ሥር ብቻ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ። ጠዋት ሂዱ፤ ጥላው የግድግዳውን ቅርጽ ቁልጭ አድርጎ የሚያወጣው ያኔ ነው። ተረከዝ ያለው ጫማ ቤት ይቅር። ከእኔ አምስት ኮከብ፤ ስድስተኛውን ላሞቹ ይውሰዱት።

ሰኞ ጠዋት ቆራሌው እንደ ልማዱ ሱቄ በር ላይ ጮኸ። ካርቶኑን አንሥቼ ሰጠሁት። መዝኖ ቀለለብኝ አለ። አሮጌዎቹን የኖኪያ ኪፓዶች ልጄ ለቃቅማ ወስዳቸዋለች ለካ።