ለሸክላ ወዳጆች፦ መርፌው፣ ስፒከሩ ወይስ ማጫወቻው ይቀየር?

«ስፒከሩን ልቀይር ወይስ አምፑን (አምፕሊፋየሩን)?» ብሎ የደወለልኝ ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ነው። ወንድሙ ከአሜሪካ ሲመጣ የሸክላ ማጫወቻ ይዞለት መጥቷል። የአባቱን ሸክላዎች ከቁም ሣጥን አውጥቶ ማጫወት ሲጀምር ግን ድምፁ ጎተት አለበት። «ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ነው የሚመስለው» አለኝ። «አብሽር፣ እስክመጣ ምንም እንዳትገዛ» አልኩትና ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ሀረጎን ቁልቁል ወረድኩ።

ማጫወቻው ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ተቀምጧል። ግራና ቀኙ ስፒከሮቹ ናቸው። ከሥሩ ጡብ የሚያህል ትራንስፎርመር እምምም ይላል። ማጫወቻውን ቀስ ብዬ አዞርኩና ጀርባው ላይ የተለጠፈውን በስልክ መብራት አነበብኩ። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይላል። ከዚያ በኋላ ስፒከሩን ማየትም አላስፈለገኝም።

ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ያወርደዋል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን፣ መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ አይነካውም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 60። ሲንክሮነስ የሚባለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከፍሪኩዌንሲው ነው። ስለዚህ በደቂቃ 33⅓ ጊዜ መዞር የነበረበት ሰሃን 27.8 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞራል። ዜማው ከሦስት ሴሚቶን (የሙዚቃ ግማሽ ድምፅ) በላይ ይወርዳል። ባቲና አምባሰል እየሰማ ላደገ የወሎ ሰው ይሄ ወዲያው ይታወቀዋል። የጓደኛዬ ጆሮ ልክ ነበር። ስፒከር ቢገዛ ኖሮ ግን ያንኑ የተጎተተ ዘፈን በጥሩ ስፒከር ይሰማ ነበር።

እናንተም ቤት ይሄን መሞከር ቀላል ነው። ሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ፍጥነቱን 33 ላይ አድርጉና በስልክ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቁጠሩ። 100 ዙር ከሞላ ደህና ነው። እኛ ያን ቀን 83 ነው የቆጠርነው። ማጫወቻችሁ በአዳፕተር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ «አውትፑት» የሚለውን አንብቡ። ዲሲ ካለ የአገሩ ፍሪኩዌንሲ አያሳስባችሁም። ኤሲ ካለ ግን ያው 50 ኸርዝ እስከ ሞተሩ ሊያልፍ ስለሚችል ሳትጠይቁ አትግዙ።

መጀመሪያ ሸክላውን የሚነካው

ሰው ሁሉ ማሻሻል ሲያስብ ከስፒከር ይጀምራል። ይገባኛል፤ የሚታየውም የሚሰማውም እሱ ነው። እኔ ግን ሌላ መለኪያ አለኝ። ሸክላውን የሚነካው ክፍል ይቅደም፣ ድምፅ የሚያሳምረው ይከተል።

ምክንያቴ ሸክላው ራሱ ነው። አምሐ እሸቴ አምሐ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ የጀመረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የታተሙት ባለ 45 ሸክላዎች (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ) ናቸው ዛሬ በየቁም ሣጥኑ ያሉት። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላው ቀረ። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሲዲ እንደገና ወጥተዋል። አባታችሁ ስማቸውን በእስክሪብቶ የጻፉበት ሸክላ ግን አንድ ነው። ስፒከር ቢቃጠል ሌላ ስፒከር ይገዛል። የተፋቀ ሸክላ ግን ተፋቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ያላችሁ ማጫወቻ እንደ ሻንጣ የሚከፈተው፣ ክንዱ ፕላስቲክ የሆነና ከኋላው ክብደት ማስተካከያ የሌለው ከሆነ ምንም አታሻሽሉበት። የእነዚህ ብዙዎቹ ካርትሪጅ፣ መርፌውን የሚይዘው ሣጥን፣ ሴራሚክ የሚባለው ዓይነት ነው። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበት ክብደት ከጥሩ ማጫወቻ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ መቀነሻም የለውም። ለእሱ የምታወጡትን ገንዘብ ለሌላ ማጫወቻ አጠራቅሙት።

መርፌ ከመርፌ

መርፌ ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን። አንዱ ካርትሪጁ ነው፤ ክንዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ትንሽ ሣጥን። ሌላው ከሣጥኑ የሚወጣው፣ ጫፉ ላይ አልማዝ ያለበት መርፌ ነው። ሙቪንግ ማግኔት በሚባሉት ካርትሪጆች መርፌው ብቻውን ተስቦ ይወጣል። ይሄ ለኪስ ትልቅ ነገር ነው። ካርትሪጁ ደህና ከሆነ መርፌውን ብቻ ቀይሮ ሌላ ድምፅ ማግኘት ይቻላል። የኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ካርትሪጅ ካላችሁ የ2ኤም ብሉን መርፌ መሰካት ትችላላችሁ። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ካላችሁ የዚያን ቤተሰብ መርፌዎች ሁሉ ይቀበላል።

ለማነጻጸር የሚመቸውም ይሄው ቪኤም95 ነው፤ ሣጥኑ አንድ ሆኖ መርፌው ብቻ ይለያያል። ሲ የሚለው ጫፉ ክብ ነው። ኢ ሞላላ ነው። ኤምኤል ማይክሮላይን የሚባለው በጣም ቀጭን ጫፍ ነው። አምራቹ የሚሰጣቸው ዕድሜ ለሲ 500 ሰዓት፣ ለኢ 300፣ ለኤምኤል 1,000 ነው። ዋጋቸው ግን ሌላ ነው፤ ኤምኤሉ ከሲው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሄዳል።

በቀን አንድ ሙሉ ኤልፒ (ትልቁን ባለ 33 ሸክላ)፣ 40 ደቂቃ ገደማ፣ ትሰማላችሁ እንበል። ኢው ዓመት ከሦስት ወር ያህል ይቆያል። ሲው ሁለት ዓመት። ኤምኤሉ አራት ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ኤምኤል ውድ ነው ብሎ መሸሽ ሙሉ ሒሳብ አይደለም። በሰዓት ሲካፈል ከኢው ጋር ይቀራረባል። ርካሹ ግን አሁንም ሲው ነው።

ድምፅስ? ንጹሕ በሆነ ኤልፒ ላይ ኤምኤሉን የሚያክል የለም። በተለይ መርፌው ወደ መሀል እየተጠጋ ሲሄድ ልዩነቱ ይሰማል። እዚያ አካባቢ ክብ መርፌ «ሰ» እና «ሸ»ን ያሻክራቸዋል። ኤምኤሉ ግን እስከ መጨረሻው ጥርት እንዳለ ይሄዳል። የቆዩት ባለ 45ቶች ላይ ነገሩ ይቀየራል። ቀጭኑ ጫፍ አንዳንዴ የድሮ መርፌ ያልደረሰበትን የመስመሩን ጎን ያገኝና ሸክላው አዲስ ይመስላል። አንዳንዴ ደግሞ ጭረቱንና አቧራውን ሁሉ ለቅሞ ያመጣዋል። ክቡ መርፌ ጥርት ባይልም ይቅር ባይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኤምኤል አቀማመጡ ትንሽ ከተዛባ የከፈላችሁበትን ድምፅ አትሰሙም። ማስተካከያ ወረቀት አትሞ፣ ሰዓት ወስዶ፣ ዓይንን አቅርቦ ማሰር ይፈልጋል። ይሄን የሚሠራላችሁ ባለሙያ ሰፈራችሁ ከሌለና ራሳችሁም ትዕግሥቱ ከሌላችሁ ሲውን ግዙ። ሣጥናችሁ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ የቤተሰብ 45ቶች ከሆኑም ሲውን ግዙ። ኤልፒ የሚበዛባችሁ ከሆነ ግን ኤምኤሉ ይሻላል፣ ቆጥባችሁም ቢሆን። ኢውን እኔ ለብቻው ገዝቼ አላስገባም፤ ከማጫወቻው ጋር ከመጣ እስኪያልቅ ልጠቀምበት።

የአያት ባለ 78 ሸክላ ካላችሁ በእነዚህ አታጫውቱት። መስመሩ ሰፊ ስለሆነ የራሱ ወፍራም መርፌ ያስፈልገዋል።

የትኛውንም ብትገዙ ክብደቱን ለኩ። የቪኤም95 ሁለት ግራም ነው፣ ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቀዳል። የኦርቶፎኖቹ 1.8 ነው። ብዙ ሰው ሲቀል ሸክላውን የሚያድን ይመስለዋል። አያድንም። በጣም የቀለለ መርፌ መስመሩ ውስጥ ይዘላል፣ ሲዘል ይፍቃል። እኔ ክንዱ ላይ ባለው ቁጥር ተማምኜ ለወራት አጫውቻለሁ። አንድ ቀን ፒያሳ ካለ ወርቅ ሠሪ ትንሿን ዲጂታል ሚዛን ተውሼ መጣሁ። መርፌውን ሳሳርፈው 2.9 አለኝ። ከኋላ ያለውን ክብደት በጣቴ ፀጉር በምታህል እያዞርኩ፣ እያነሳሁ፣ እያሳረፍኩ 2.0 እስኪል ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሚዛን ስትዋሱ የላይኛው ሳህን ብረት አለመሆኑን አረጋግጡ። ካርትሪጁ ውስጥ ማግኔት ስላለ ብረቱ ይስበዋል፣ ቁጥሩም ይዋሻል።

ፎኖ ከስፒከር

ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጣም ትንሽ ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርአይኤኤ የሚባለው መለኪያ ይሄን አንድ ወጥ አድርጎታል። ያን መልሶ የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። የድሮ የጃፓን አምፕ ካላችሁ ከኋላው «ፎኖ» የሚል ቀዳዳ አይጠፋም። ከሌለው ማጫወቻው ውስጥ አብሮ የተሠራ ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ካሉ አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለቱ ተደራርበው ሲሠሩ ድምፁ ይፈነዳል።

ጥያቄው የተሻለ ፎኖ ልግዛ ወይስ ስፒከር ከሆነ መልሴ ስፒከር ነው። የምታወጡት ብር እኩል ቢሆን ጆሮ የሚያውቀው የስፒከሩን ለውጥ ነው። ፎኖ የሚቀድመው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ያላችሁ ፎኖ በሹክሹክታ ዘፈን ላይ ሽሽሽ እያለ ከተሰማ። እምምም የሚል ከሆነ ግን ቶሎ አትግዙ። ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አምፑ ላይ ካለችው ብሎን ጋር እሰሩና መጀመሪያ ስሙት። ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊትም አንድ ነፃ ማሻሻያ አለ። ስፒከሩን ከቡፌው አውርዱት። የማይዞር ሸክላ ላይ መርፌውን አሳርፉ፣ ድምፁን ትንሽ ክፈቱ፣ ቡፌውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ኳ ኳ አድርጉት። ከስፒከሩ ከተሰማችሁ ስፒከሩም ሲጮህ ቡፌውን፣ ቡፌው መርፌውን እያንቀጠቀጠው ነው። ትልቅ ዉፈር (የቤዝ ድምፅ ማውጫ) ያለው የጄፓስ ስፒከር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የጓደኛዬን ስፒከሮች ከእናቱ ዱካ ሁለቱን ተውሰን እነሱ ላይ አስቀመጥናቸው። ቤዙ ከጭቃ የወጣ ያህል ጠራ። አንድ ብር አላወጣንም።

ማጫወቻው ራሱ

ይሄን መጨረሻ ያደረግኩት ውድ ስለሆነ ነው፤ ክንዱ ደህና ከሆነና ፍጥነቱ ልክ ከሆነ ደግሞ ለውጡ ከሁሉም ያነሰ ነው። መቀየር ካለባችሁ ምርጫው በላስቲክ ቺንጊያ የሚዞረውና ሞተሩ ቀጥታ ሰሃኑን የሚያዞረው መሀል ነው። ባለ ቺንጊያው የሞተሩን ንዝረት ከሰሃኑ ያርቃል፤ በዚያው ብር ጥሩ ክንድ ይዞ ይመጣል። ግን ላስቲኩ ይላላል፣ ሲላላ ፍጥነቱ ይዋዥቃል። በልኩ የተሠራ ላስቲክ ደግሞ ደሴ ሱቅ ገብታችሁ የምታነሱት ዕቃ አይደለም። ቀጥታ የሚያዞረው፣ ለምሳሌ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ዓይነት፣ ፍጥነቱን በራሱ ኤሌክትሮኒክስ ይይዛል። 50 ይሁን 60 ኸርዝ ግድ የለውም፤ ቮልቴጁን ብቻ ማረጋገጥ ነው። ለእኛ አካባቢ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ባለ ቺንጊያ ከገዛችሁ ግን ሁለት መለዋወጫ ላስቲክ አብሮ ይምጣላችሁ።

የትኛውም ቢሆን ስታብላይዘር ላይ ሰኩት። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ መርፌውን አንሱት፣ ሻማውን ከዚያ ፈልጉ። ስትተክሉትም ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሳችሁ ሰሃኑ ላይ በሁለት አቅጣጫ አስቀምጡ። የኮረብታ ከተማ ወለል ዓይን ያታልላል።

ጓደኛዬ ዕድለኛ ሆነ። የእሱ ማጫወቻ አምራች ለ50 ኸርዝ የሚሆን ፑሊ፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ሆኖ ቺንጊያውን የሚያዞረውን፣ ለብቻው ይሸጣል። ወንድሙ ከፑሊው ጋር አንድ ክብ መርፌ ጨምሮ በሰው ላከለት። ፑሊውን የቀየርነው በአንዲት ትንሽ ብሎን ነው። ወረቀቱን እንደገና ለጥፈን ቆጠርን፤ 100 ሞላ። ከዚያ የአባቱን አንድ 45 አስቀመጠና ሁለታችንም ዝም ብለን ሰማን። እናቱ ከጓዳ ቡና እያፈሉ ነበር፤ «ይሄ እኮ እሱ ነው» አሉ።

አሁን ስፒከር ልግዛ ካለኝ እሺ እለዋለሁ።