ውሃ መሳቢያ ሞተሬ ከሁለት በጋ በኋላ፣ የበላት ሙቀት አልነበረም

ሰላም ለሁላችሁ። ይቺን ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነፓምፗ የገዛኋት ባህር ዳር ነው፣ አምና ህዳር ላይ፣ ፎገራ ጣና ሐይቅ ዳር ላለው የአጎቴ የሽንኩርት ማሳ። ገና በወሩ ልጽፍላችሁ ነበር፣ እንኳንም አልጻፍኩ፣ ያኔ ብጽፍ "አትሞቅም፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነች፣ ግዟት" ብዬ ስንቱን ሰው አሳስት ነበር። አሁን ሁለት በጋ ሰርታለች፣ በመሃል ካሚሻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ ውስጠኛ ግድግዳ) እና ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ተቀይሮላታል፣ ስለዚህ የምናገረው ነገር አለኝ። ማርኳን አልጠራም ምክንያቱም ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አልነበረም፣ ደግሞ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ አሰራራቸው ያው ነው።

8 ፈረስ ጉልበት ነች፣ በማነቬላ፣ በእጅ በሚዞር ብረት ነው የምትነሳው፣ ራዲያተር የላትም። ከላይዋ ገንዳ አላት፣ ውሃ ትሞላለህ፣ ስትሰራ ውሃው ይፈላል፣ በእንፋሎት ይወጣል፣ ሲጎድል ቀይዋ ኳስ ትወርዳለች፣ ትጨምራለህ። በቃ ይሄው ነው። ጉልበቷ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ናፍጣም አታባክንም።

ችግሩ የጀመረው ውሃው ሲፈላ ሳይ ስለደነገጥኩ ነው። የፈላ ነገር ሁሉ ይጎዳታል ብዬ ነው ያሰብኩት። አካባቢው ላይ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከፓምፑ መውጫ ቀጭን ጎማ ቀጠልኩና የሐይቁን ውሃ ቀጥታ ገንዳዋ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ባንድ በኩል ይገባል፣ በሌላው ሞልቶ ይፈሳል። ከጠዋት እስከ ማታ ሰርታ እጄን ገንዳው ላይ አድርጌ ለብ ያለ ብቻ ነበር የሚሰማኝ፣ እና ደስ ይለኝ ነበር፣ አጎቴንም እየጠራሁ አሳየው ነበር። መጋቢት ላይ ዘይት መጠጣት ጀመረች። ከዛ የዘይት መተንፈሻዋ ላይ ጭስ ይወጣ ጀመር፣ ማነቬላው በፊት በሁለት እጅ የሚታገልህ አሁን እንደ ልጅ መጫወቻ ላላ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለን ነበር፣ ሽንኩርቱ ደግሞ ውሃ አይታገስም።

ባህር ዳር ወስጄ አንድ እድሜ ጠገብ መካኒክ ጋር አስከፈትኳት። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሳ የካሚሻው ላይኛ ጫፍ አካባቢ ፋሻው ከሚደርስበት በላይ ያለው አልተነካም፣ ከሱ በታች ግን ተበልቶ ደረጃ ሰርቷል፣ ጥፍሬን ሳስኬድ ያዘኝ። እኔ ወዲያው "ጋሼ፣ ሙቀት ነው አይደል?" አልኳቸው። ባትሪ አብርተው አዩትና "ሙቀት ቢሆን ቁልቁል የተቧጨረ ታይ ነበር፣ ልጄ። ይሄ ግን ደብዝዟል፣ በትንንሹም ተበሳስቷል። ውሃዋን እንዴት ነው የምታደርገው?" አሉኝ። የጎማውን ነገር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ብርድ ነው የበላት" አሉ።

መጀመሪያ አላመንኩም። ግን ካስረዱኝ በኋላ፣ እኔም ካነበብኩ በኋላ ነገሩ ገባኝ። ካሚሻው ካስት አይረን ነው፣ ቶርኖ ቤት ጊዛ የሚሉት። ጊዛ ውስጡ የግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር) ቅጠሎች አሉት፣ እነሱ ራሳቸው ያለሰልሳሉ፣ ዘይትም ይይዛሉ፣ ለዚህ ነው ለካሚሻና ለፋሻ የሚመረጠው። መፋቁን የሚወስነው ግን ብረቱ ብቻ አይደለም፣ ሙቀቱም ነው፣ ያውም በሁለቱም ጫፍ። በጣም ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፣ 40 ቁጥር ዘይት 40 ዲግሪ ላይ ካለው ውፍረት 100 ዲግሪ ሲደርስ ወደ አስር እጥፍ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ደግሞ ላይኛው ጫፍ ሄዶ ለመመለስ ለቅጽበት ይቆማል፣ እዛች ቦታ ላይ ዘይቱ ይሳሳና ብረት ከብረት ይገናኛል። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማንም የማይነግርህ ሌላኛውን ጫፍ ነው። ናፍጣ ውስጥ ያለው ድኝ ሲቃጠል አሲድ የሚሆን ጋዝ ይወጣዋል፣ ግድግዳው ሙቅ ከሆነ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ተነፍሶ ይሄዳል፣ ግድግዳው ከቀዘቀዘ ግን ከውሃ ትነቱ ጋር እንደ ጤዛ ካሚሻው ላይ ያርፋል። ጊዛውን ያዝገዋል፣ ፋሻው ሲመላለስ ዝገቱን ይጠርገዋል፣ ከስሩ አዲስ ብረት ይወጣል፣ እሱም ይዝጋል፣ እሱም ይጠረጋል፣ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ የሚመላለስ ነገር ነው እንግዲህ አስቡት። በዛ ላይ ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ የተረፈው ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋል።

እኛ አካባቢ ደግሞ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማለት ውሃው እስካለ ድረስ ገንዳው ከዛ በላይ አይሞቅም። እኔ የሸሸሁት መፍላት ለካ ጠባቂዋ ነበር። ይሄን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።



ዘንድሮ አዲስ ካሚሻና ፋሻ ገብቶላት ህዳር ላይ ስራ ስትጀምር ጎማውን ነቅዬ ጣልኩት። ገንዳው ይፈላል፣ እኔም አልደነግጥም። ታህሳስና ጥር ጠዋት ሐይቁ ዳር ብርዱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ አስነስቼ ጥቂት ደቂቃ ቀስ ብላ ትዙር እላለሁ፣ ከዛ ቶሎ ስራ ላይ አስገባታለሁ፣ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ (ያለ ጭነት በዝቅተኛ ዙር) መተው ያው ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየት ስለሆነ። በአንድ ሰዓት ስራ መሃል ሶስት ጊዜ ማጥፋትና ማስነሳትም ትቻለሁ፣ ቦዩን አስቀድመን እናስተካክላለን።

ውሃ መጨመር ግን ሰው ይፈልጋል፣ ይሄ እውነተኛ ጉድለቷ ነው። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ረስቷት ገንዳው ባዶ ሆነ፣ ደርሼ ሳጠፋት ባልዲ ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ሊደፋባት ነበር፣ ጮህኩበት፣ የጋለ ጊዛ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ስንጥቅ ነው። ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ ከዛ ቀስ እያልን ሞላን፣ ተረፈች። ሌላው እምቦጭ ነው። መምጠጫው ላይ ተጠቅልሎ ውሃ ከለከለና ፓምፑ በደረቁ ሲሽከረከር የፓምፑ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚዘጋው ክፍል) ተቃጠለ፣ እሱም ፊት ለፊት የሚፋተግ ነገር ስለሆነ የሚያቀዘቅዘው ውሃው ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ደቂቃዎች ናቸው ያለው። አሁን መምጠጫውን ቅርጫት ውስጥ ነው የምናስቀምጠው፣ ጠዋትና ማታ እናጸዳዋለን። ገንዳውንም በየሁለት ሳምንቱ እናጥባለን፣ የሐይቁ ውሃ ደለል ስላለው ከታች ተኝቶ ካሚሻውን ይሸፍነዋል፣ የተሸፈነው ቦታ ብቻውን ይግላል።

ባለፈው ሳምንት ጓርኒሲዮን (ከክዳኑ ስር የሚገባውን ማሸጊያ) ስንቀይር ቴስታታው ተነስቶ ነበርና ጥፍሬን አስኬድኩ። ምንም አልያዘኝም። ካሚሻው አዲስ ሲሆን የሚኖረው እንደ መረብ የተጠላለፈ ጭረት እስካሁን ይታያል፣ ዘይትም ከአምናው ጋር አይወዳደርም፣ በሁለት ቅያሪ መሃል ጨምሬ አላውቅም። አጎቴን ጠርቼ አሳየሁት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ አየና "ታዲያ ያን ጎማ ለጎረቤቶቻችንም ሄደህ አስነቅላቸው" አለኝ። ሁለቱ ነቅለዋል፣ ሶስተኛው ገና እያሰበበት ነው።