የአባባ ፎቶ ለአርባው፦ ከዚራ ስላለ አንድ የፎቶ ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አሮጌ ፎቶ አድሶ ለአርባና ለሙት ዓመት የሚያሳድግ ቤት አለ። እጁ ጥሩ ነው፤ ዝም ብለው ከተዉት ግን ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል።

ዋናውን ፎቶ ይዞ መሄድ ነው። ከአልበም ላይ በስልክ የተነሳ ከሆነ የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ግንባር ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 1400 በ1900 ፒክስል ግድም ይሰጣል፤ ለ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። 50 በ70 ከተባለ ዓይኑ ይደበዝዛል፤ ቤቱ ግን እምቢ አይልም።

የወታደር ፎቶ ሲሆን ጣጣው ይበዛል። ኮምፒውተሩ ፊት ሲያጠራ የግንባሩን መስመርና ጠባሳውን ይበላል፣ የሜዳዩን ሪባን አንድ ቀለም ያደርጋል። ምስሉ ተገልብጦ ሜዳዩ ከግራ ደረት ወደ ቀኝ የሚዞርበትም ጊዜ አለ። ሳይታተም በስክሪን አጉልቶ ማየት ግድ ነው።

ከሥሩ የሚጻፈው ዓመትም ይምታታል፦ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የድሬዳዋው ውጊያ በእኛ ነሐሴ 1969፣ በፈረንጅ ኦገስት 1977 ነው። አንዱን መርጦ በወረቀት ጽፎ መስጠት ይሻላል።

ፍሬሙ ደህና ነው። መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ የካርቶን ጠርዝ ያስገቡበት፤ አለዚያ እርጥበት ሲገባ ይጣበቃል።

ደግሞ ሁሉም የመታወቂያውን ኮስታራ ፎቶ ነው የሚያመጣው። ለዚያ ተጫዋች አባት በርጫ ላይ ሲስቅ የተነሳው ይሻላል፤ ጥርስ ላይ ግን ማደሻውን አታስነኩ።