ትልቁ አይፎን ከወሬው እስከ ኪሴ፦ ከአይፎን 6 ፕላስ ጋር ያሳለፍኳቸው ስምንት ወራት

በጁን 2014 ከጤፍ ዱቄት ካርቶን ላይ 158 ሚሊ ሜትር በ78 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ በመቀስ ቆርጬ በሱሪዬ የፊት ኪስ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ልኩን የወሰድኩት ገና ካልታወጀው ትልቁ አይፎን ሾልከው ወጡ ከተባሉ ሥዕሎች ነበር። ወሬው እውነት ሆኖ 5.5 ኢንች ስክሪን ያለው ስልክ ቢመጣ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ኪስ ይመች እንደሆነ አስቀድሜ ለማወቅ ፈልጌ ነው። ባለቤቴ ልብስ ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ ካርቶኑን አግኝታ ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ፣ ነገሩን ለማስረዳት ያየሁት አበሳ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ይሳቅበታል። ካርቶኑ የኪሱን ፈተና አለፈ፤ 172 ግራም የሚመዝን ነገር ቀኑን ሙሉ ጭን ላይ ተደግፎ ሲውል ምን እንደሚመስል ግን ሊነግረኝ አልቻለም።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሲሆን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ከዚህ በፊት የነበረኝ ባለ 4 ኢንቹ አይፎን 5ኤስ ነበር። ይህን የምጽፈው በጁን 2015፣ አይፎን 6 ፕላስን ከኦክቶበር 2014 አጋማሽ ጀምሮ በየቀኑ፣ አንዳንድ ቀን ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ ነው። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ወሬው በጥቂቱ ማንሳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም ስልኩን የገዛሁት ሳላየው በወሬ ብቻ ተማርኬ ነው። የአይፎን ሠሪው የአፕል መሪ የነበሩት ስቲቭ ጆብስ በጁላይ 2010 እጅ ጨብጦ የማይዘልቃቸውን ትልልቅ ስልኮች ማንም አይገዛቸውም የሚል ሐሳብ ለጋዜጠኞች ተናግረው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሳምሰንግ በርሊን ላይ ባለ 5.3 ኢንቹን ጋላክሲ ኖት ሲያሳይ፣ እኛም በታክሲ ወረፋ ላይ ሆነን በሱ የሚያወራ ሰው ጆሮው ላይ ምጣድ የለጠፈ ይመስላል እያልን ስቀናል። ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሰዉ ትልቁን ስልክ እየወደደው ሄደ፣ አፕልም ሊከተል ነው የሚለው ወሬ ከ2013 ጀምሮ እየበረታ መጣ። በ2014 የጸደይ ወራት የፊት መስታወቶች፣ ከአሉሚኒየም የተቀረጹ ናሙናዎችና ስልኩ ሳይወጣ የተሠሩ ከቨሮች በየቪዲዮው ይታዩ ነበር። ባለ 5.5 ኢንቹ ከታናሹ፣ ከባለ 4.7 ኢንቹ፣ ዘግይቶ፣ ምናልባትም በ2015 ይወጣል ያሉ ነበሩ፤ ስሙ አይፎን ኤር ይሆናል ያሉም አልጠፉም። ሁለቱም ስተዋል።

እኔን ልቤን የሰቀለኝ ግን የሰንፔሩ ወሬ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ብቻ ስሙን ሰምቼው የማውቀው የከበረ ድንጋይ የስልክ ስክሪን ሊሆን ነው ሲባል ነገሩ ተረት አልነበረም። አፕል ጂቲ አድቫንስድ ቴክኖሎጂስ ከተባለ ኩባንያ ጋር በኖቬምበር 2013 ተስማምቶ፣ ሜሳ፣ አሪዞና ውስጥ ለሚቋቋም የሰንፔር ማምረቻ 578 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ ሊከፍል ቃል ገብቶ ነበር። በዩቲዩብ ስልኮችን የሚገመግመው ማርከስ ብራውንሊ በጁላይ 2014 ሾልኮ የወጣ የ4.7 ኢንች የፊት መስታወት በቢላና በቁልፍ ሲፍቅ ያሳየውን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ስልኩ ሲወጣ ሰንፔሩ የካሜራውን ሌንስና የጣት አሻራ ማንበቢያውን ብቻ ሸፍኖ ተገኘ፤ ስክሪኑ የተጠናከረ መስታወት ነበር። ጂቲ ደግሞ ኦክቶበር 6 ቀን 2014፣ ማለትም የኔ ስልክ እጄ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከአበዳሪዎቹ ከለላ እንዲሰጠው በኪሳራ ሕግ መሠረት ለፍርድ ቤት አመለከተ።

የዚያን ጊዜው የአፕል ዋና ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ ሁለቱን ስልኮች፣ አይፎን 6ንና 6 ፕላስን፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን ኩፐርቲኖ በሚገኘው ፍሊንት ሴንተር ካሳዩ ከሦስት ቀን በኋላ ትእዛዝ መቀበል ሲጀመር፣ በእኛ በምሥራቁ ጠረፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ፈረቃዬን ጨርሼ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥኩ አዘዝኩ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ከአራት ሚሊዮን በላይ ትእዛዝ ስለተመዘገበ ለትልቁ የሚሰጠው የጥበቃ ጊዜ ወዲያው ወደ ሦስትና አራት ሳምንት ተራዘመ። በሁለት ዓመት ኮንትራት 16 ጊጋባይቱ 299፣ 64ቱ 399፣ 128ቱ 499 ዶላር ነበር። እኔ መቶ ዶላር ላተርፍ ብዬ 16ቱን መረጥኩ። በዚህ ስልክ ላይ ከሠራኋቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ከፋሲካ በፊት የልጄን የትምህርት ቤት ቪዲዮ ልቀዳ ስል ቦታ የለም አለኝ፤ ቆሜ የድሮ ፎቶዎች ስሰርዝ ልጄ ግጥሟን ጨርሳ ወርዳ ነበር። ኩባንያው በጁን 2015 ባሳወቀው መሠረት ስልኩን የሚያሠራው አዲሱ ሥርዓት፣ አይኦኤስ 9፣ ለመጫን የሚፈልገው ክፍት ቦታ 1.3 ጊጋባይት ሲሆን፣ አይኦኤስ 8 ይፈልግ የነበረው 4.6 ነው። ከ16 ጊጋባይት ላይ 4.6 ክፍት ቦታ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው።

ወደ አጠቃቀሙ ስመለስ፣ ስክሪኑ ዋጋውን ያገኘው መኪና ውስጥ ነው። የ5ኤሱ መያዣ ጥርሱ ስላልበቃው ሌላ መግዛት ነበረብኝ፤ አዲሱም ቢሆን የመጀመሪያውን ሳምንት ከክብደቱ የተነሣ ጎድጓዳ መንገድ ባገኘን ቁጥር ቀስ እያለ አንገቱን ይደፋ ስለነበር፣ ከሥሩ የተጣጠፈ የሶፍት ወረቀት ወትፌበት ነው የጸናው። አንዴ ከጸና በኋላ ግን በ5ኤሱ አጎንብሼ አነበው የነበረውን የመንገድ ስም አሁን ዐይኔን ከመንገዱ ብዙም ሳልነቅል አየዋለሁ። ዱፖንት ሰርክል አደባባይ ላይ የትኛው መውጫ የኔ እንደሆነ ከመድረሴ በፊት መለየት ለታክሲ ነጂ ቀላል ነገር አይደለም። ስልኩ ምስሉን መጀመሪያ በ2208 በ1242 ነጥብ ሠርቶ ወደ 1920 በ1080 አሳንሶ ነው የሚያሳየው፤ ይህን ያወቅሁት አንብቤ እንጂ በዐይኔ ለይቼ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለትልቁ ስክሪን ያልታደሱ መተግበሪያዎች ዝም ብለው ተለጥጠው ይታዩ ነበር። አሁን ከምጠቀምባቸው መካከል እንዲህ ሆኖ የቀረ አንድ ሁለት ቢሆን ነው።

ከወራቱ ወሬ ውስጥ አንድም ሰው ያላነሣው፣ ለኔ ግን ከሁሉ የበለጠብኝ ጉዳይ ፊደላችን ነው። የላቲን ፊደል በትንሽ መጠን ቢጻፍም ይለያል፤ የእኛ ግን ቤቱን ከቤቱ የሚለየው ብዙ ጊዜ እግር ላይ ያለች ቅንጣት መታጠፊያ ወይም ጎን ላይ የተቀጠለች ሰረዝ ናት። ባለፈው ዓመት ለአጎቴ ሕክምና ገንዘብ ልኬ ሳለ በቫይበር «ብሩን ሰጡኝ» ብሎ የጻፈልኝን በ5ኤሱ ስክሪን ላይ «ብሩን ስጡኝ» ብዬ አነበብኩት። ገንዘቡ አልደረሰውም ብዬ ደንግጬ ላኪው ድርጅት ዘንድ ስደውል፣ አዲስ አበባ ስደውል አመሸሁ፤ አጎቴ ግን ብሩን ተቀብሎ፣ መድኃኒቱን ገዝቶ ተኝቶ ነበር። ለካ ጥፋቱ የ«ሰ» እግር ነው። ዛሬ ያንኑ መልእክት በዚህ ስልክ ስከፍተው መታጠፊያው አለመኖሩ በግልጽ ይታያል። የጽሑፉን መጠን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጌም በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈው መስመር ከበፊቱ አላነሰም። እሑድ ጠዋት ውዳሴ ማርያም ከስልክ የሚያነቡ ሰዎች ጎን ስቆም ከኔ ስክሪን ላይ አብረው የሚያነቡ አሉ፤ ይህ ከሥርዓት አንጻር ምን ያህል እንደሚደገፍ ለካህናቱ እተወዋለሁ።

መጻፉም ተለውጧል፣ ምስጋናው ግን ለስክሪኑ ብቻ አይደለም። ስልኩ ራሱ ይዞት የመጣ የአማርኛ ኪቦርድ ስላልነበረ ቀደም ሲል በአንድ መተግበሪያ ውስጥ ጽፈን፣ ኮፒ አድርገን፣ ወደ ቫይበር ወስደን እንለጥፍ ነበር። ከስልኩ ጋር የመጣው አይኦኤስ 8 ከሌሎች አዘጋጆች የሚጫን ኪቦርድ በየትኛውም መተግበሪያ ውስጥ እንዲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቀደ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው በ4 ኢንች ስክሪን ላይ ለመደርደር የሞከረ ሰው ቁልፎቹ ምን ያህል እንደሚጣበቡ ያውቃል። በዚህኛው ላይ ስልኩን አግድም አዙሬ በሁለት አውራ ጣቴ ስጽፍ ፍጥነቴ በወረቀት ከምጽፈው ብዙም አይርቅም። እናቴ «ልጄ፣ ዘንድሮስ ደብዳቤ የምትጽፍ ሆንክ» ብላኛለች።

ባትሪው ከጠበቅሁት በላይ ነው። አቅሙ 2915 ሚሊ አምፔር ሰዓት ሲሆን የ5ኤሱ 1560 ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሞልቼ ወጥቼ፣ ካርታውን ከፈረቃዬ እኩሌታ ያህል ከፍቼ፣ መሐል ላይ ከአዲስ አበባ ጋር ግማሽ ሰዓት በቫይበር አውርቼ ማታ ስገባ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይቀረዋል። የመኪናው ቻርጀር ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ከወጣ ቆይቷል።

በአንድ እጅ መጠቀም ግን የማይሞከር ነው፤ ይህን በቅንነት መናገር አለብኝ። የታችኛውን ቁልፍ ሳይጫኑ ሁለት ጊዜ ቢነኩት የስክሪኑ የላይኛው ክፍል ወደ አውራ ጣት ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ወር አዘወተርኩት፣ ከዚያ ረሳሁት። አሁን ስልኩን ስይዘው እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጄ ነው። በፊት ኪስ መቀመጡን ካርቶኑ በትክክል ተናግሯል። መኪና ውስጥ ስቀመጥ ግን ጫፉ ከሱሪው መታጠፊያ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ወይ መያዣው ላይ ወይ የጃኬቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው።

ስለ መታጠፉ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይጣመማል የሚለው ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ የኔ ገና አልደረሰም ነበርና ትእዛዙን ልሰርዝ ምንም አልቀረኝም። አፕል በዚህ ጉዳይ ያመለከቱት ደንበኞች ዘጠኝ ብቻ ናቸው ሲል፣ ዕቃዎችን ለሸማቾች የሚፈትሸው ኮንሱመር ሪፖርትስ ደግሞ ስልኮቹን በማሽን ተጭኖ ፈተናቸው። 6 ፕላሱ መልኩን መለወጥ የጀመረው በ90 ፓውንድ፣ ታናሹ 6 በ70 ፓውንድ፣ አይፎን 5 ደግሞ በ130 ፓውንድ ነበር። ትልቁ ከታናሹ መጽናቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የኔን በየወሩ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ አየዋለሁ፤ ቀጥ እንዳለ ነው። ካሜራው ከጀርባው ትንሽ ወጣ ስለሚል አንድ ጥግ ላይ ሲጫኑት መወዛወዙን መጣመም ያስመሰለበት ሰው አውቃለሁ።

የመሰበሩ ታሪክ የራሴ ጥፋት ነው። በፌብሩዋሪ ብርድ፣ ናሽናል ኤርፖርት የተሳፋሪ ሻንጣ ጭኜ ጓንቴን ሳላወልቅ ስልኩን ልመልስ ስል ከእጄ አምልጦ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ተገናኘ። ከላይ ከግራ ጥጉ እስከ መካከል ተሰነጠቀ። ወጪ ልቀንስ ብዬ የወሰድኩበት አንድ የሠፈር ጠጋኝ ሱቅ መስታወቱን በሦስት ቀን ቀየረልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስክሪኑ በጨለማ ራሱን አያደበዝዝም። ባለሱቁ ድሮም እንዲህ ነበር ብሎ ተከራከረኝ። ሌሊት በነዳሁ ቁጥር ብርሃኑን በእጄ እቀንሳለሁ።

ካሜራው ላይ ብዙ የምለው የለኝም። 8 ሜጋፒክስል ሆኖ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርመው መሣሪያ በትልቁ ላይ ብቻ መኖሩ ሌሊት ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል፤ በመብራት ሥር የማነሣው የመኪና ጭረት ለኢንሹራንስ ከበቃኝ ይበቃኛል።

አሁን፣ በ2015 አጋማሽ፣ ደግሞ የሚቀጥለው ስልክ ስክሪኑ የጣትን ግፊት ይለያል የሚል ወሬ ተነሥቷል። ከወረፋ ጓደኞቼ አንዱ ልግዛ ወይስ ልጠብቅ ብሎ ሰሞኑን ሲያማክረኝ፣ ከመመለስ ይልቅ ሲሜን አውጥቼ ስልኬን ለአንድ ሙሉ ፈረቃ አዋስኩትና የሱን ባለ 4 ኢንች ይዤ ዋልኩ። ማታ ተገናኝተን ስንለዋወጥ ስልኬን ከሱሪው ኪስ ለማውጣት ከመኪናው መውረድ ነበረበት። «ካርታው ግሩም ነው» አለኝ፣ «ግን እኔ ጃኬት አልለብስም።» ባለፈው ቅዳሜ 4.7 ኢንቹን ገዛ፤ 64 ጊጋባይቱን።